ክርኑ የጋረደው ቁጥር

ከግብር ደረሰኝ ጋር አክስቴ ያቆየችው፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው አንድ ፎቶ ነው፤
አጎቴ ክንዴ ነው፣ ታንክ ተደግፎ፣
ቆቡ ወደ ጎን ዞሮ፣ ሳቁ ከጥርሱ ተርፎ።
ከጀርባው ቁጥር አለ፣ በነጭ ቀለም፣ ረጅም፤
መጨረሻው ሰባት ነው፤ የፊቱ አይታወቅም፤
ክርኑን ዘርግቶታል፣
ቁጥሩን ጋርዶታል።

በዚያ ክርን ምክንያት ስድስት ዓመት ለፋሁ፤
ለጡረታ ቢሮ፣ ለጦሩ መዝገብ ቤት፣ ደጋግሜ ጻፍሁ።
«ክንዴ የሚባል የለም» አሉኝ፣ «ክንዱ የሚባል ግን አለ፤
የአባቱ ስም ሌላ ነው፤ ባለፈው ወር ጡረታ ተቀበለ።»

ከሻለቃው የተረፉ ሦስት ሰዎች በስልክ አገኘሁ።
አንዱ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።
አንዱ አልቅሶ አልቅሶ «የትኛው ክንዴ?» አለኝ።
ቤታችን «የታንክ አዛዥ» ሲለው ነው የኖረው፤
ሦስተኛው፣ ወርዶፋ፣ ሚኒሶታ የሚኖረው፣
ይህን ስነግረው ሳቀ።
«አዛዥ አልነበረም፤ ተኳሽም አልነበረም፤
ጥይት አጉራሽ ነበር።»
ትንሽ ዝም አለና፣
«እኔንም አጉርሶኛል» አለ። «እጄ የተቃጠለ ጊዜ፣
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ ኮቾሮውን በሻይ እያራሰ፣
በዚያው ናፍጣ በሚሸት እጁ።
ያቺን ታንክ ዲትሮይት የሠራት ናት ይሉን ነበር።»

ዲትሮይት።
እኔ የምኖረው ዋረን ነው፣ ከዲትሮይት አፍንጫ ሥር፤
ለሌሊት ፈረቃ ስነዳ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣
የአሮጌውን የታንክ ፋብሪካ አጥር
እንደ ማንኛውም አጥር አልፌዋለሁ።

የአጎቴ የመጨረሻ ደብዳቤ፣ ሐምሌ ስድሳ ዘጠኝ፣ ከጅጅጋ በኩል፦
«ከመቀመጫዬ በላይ፣ ብረቱ ላይ፣ አንድ ስም ተቀርጿል፤
የበየዳት ሰው ስም ሳይሆን አይቀርም።
ማንበብ አልቻልሁም፤ እንደ ሥዕል ገልብጬዋለሁ።
ጧት ጧት ስገባ እንደምን አደርህ እለዋለሁ፤
እስካሁን ክፉ አልመለሰልኝም።»
ከሥሩ፣ በእርሳስ፣
ግማሹ መንጠቆ፣ ግማሹ እባብ፣
የማይነበብ ነገር።
መስከረም ላይ ሌላ ወረቀት መጣ፤ አንድ መስመር ብቻ፦
ከግዳጅ አልተመለሰም።

ከሦስት ቤት ማዶ ሚስተር ቨርነን አለ፣
በረዶ የምዝቅለት፣ ቲማቲም የሚሰጠኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት የበየደ።
ጋራዡ ውስጥ ወረቀቱን አራቀው፤ አቀረበው፤
መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ።
«ስም አይደለም ልጄ፤ የተቆጣጣሪ ማኅተም ነው፤
ብየዳው ተመርምሮ ሲያበቃ የሚመታ።»
«ምን ይላል?»
«አልፏል ይላል።»

እሱ በቋንቋው ነው ያለው፤ እኔ በቋንቋዬ ሰማሁት።
ሰሙን ተቀበልሁ፤ ወርቁን አልነገርሁትም።
አጎቴ ጧት ጧት፣
በዚያ ጠባብ ሆድ ውስጥ፣ ቀና ብሎ፣
«እንደምን አደርህ፣ አልፏል» ይል ነበር።

ቨርነን ብዙ ቆየ። ከዚያ፣
«ማን እንደሚቀመጥባት አንድም ቀን አላሰብሁም፤
ምሳ ሰዓትን ነበር የማስበው» አለ።
«ቁመቱ ረጅም ነበር?»
አላውቅም።

ጠመኔ ፈለገ። ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ጮኸ።
ሲሚንቶው ላይ፣ በዘይት ጠብታዎቹ መሐል፣
የአጉራሹን ቦታ በልኩ ሣለልኝ፤
እዚህ መድፉ፣ እዚህ ጥይቱ፣ እዚህ ጀርባው።
«ግቢ» አለኝ።
ጫማዬን ከነበረዶው አውልቄ ገባሁ።
ጥይት እንዳቀፈ ሰው ክርኔን አነሣሁ፤
ክርኔ ከመስመሩ ወጣ።

«አዎ» አለ ቨርነን፣
«ክርን የሚሆን ቦታ አልሠራንላትም።»